አዲስ መዳረሻ ሲከፈት የቤተሰብን ኑሮ አስቀድሞ ማስላት፦ ለሐዋሳና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች

«መዳረሻ» የሚለውን ቃል በሐዋሳ ሁለት ዓይነት ሰዎች ይጠቀሙበታል። አስጎብኚው ጎብኚውን ይዞ የሚሄድበትን ስፍራ መዳረሻ ይለዋል፤ ከገጠር ቀበሌው ሥራ ፍለጋ የሚነሣው ወጣትና በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመውጣት ከደላላ ጋር የሚነጋገረው ታላቅ ወንድሙም የሚያልሙት ቦታ መዳረሻ ነው። ሁለቱን ለያይቶ ማየት ትልቅ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም አንድ ስፍራ ለጎብኚ ሲከፈት ጎብኚው፣ ሥራ ፈላጊውና የቤት ኪራዩ አብረው ይንቀሳቀሳሉ፤ አንዱን ብቻ አይቶ የወሰነ ቤተሰብ በሌሎቹ ይጎዳል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ገንዘቡን፣ ልጁን ወይም ይዞታውን ለአዲስ መዳረሻ ከመስጠቱ በፊት ቁጭ ብሎ ማስላት ለሚፈልግ ሰው ነው።

ጉዳዩ አሁን አጣዳፊ የሆነበት ምክንያት አለ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ጎርጎራ፣ ወንጪና ኮይሻ በመንግሥት ፕሮጀክት ለምተዋል፤ በዳውሮ የሃላላ ኬላ ሪዞርት ሥራ ጀምሯል፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርና የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል። ከእነዚህ መዳረሻዎች ጌዴኦና ባሌ ለሐዋሳ ጎረቤት ናቸው። ከሰሜን ተነሥቶ ትክል ድንጋዮቹንና በእንሰትና በቡና የተሸፈኑትን የጌዴኦ ኮረብቶች ለማየት ወደ ዲላ የሚወርድ መንገደኛ በከተማችን ያልፋል። እንግዲህ ጥያቄው ያልፋል ወይስ ያድራል የሚለው ነው።

እንግዳውን በዓይነቱ መለየት

አንድ ደብተር ያዘጋጁና ለሁለት ሳምንት ይቁጠሩ፤ አንዱ ሳምንት በዓል የሌለበት፣ ሌላው በዓል ያለበት ይሁን። የሚመዘግቡት ጥቂት ነገር ነው፦ እንግዳው ከየት መጣ፣ ስንት ሌሊት አደረ፣ ምን ገዛ፣ ከማን ገዛ። የእንግዳውን ብዛት ብቻ መቁጠር ያሳስታል፤ ለምን እንደሚያሳስት በሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ በአሞራ ገደል አንድ ማለዳ ቆሞ ማየት ይበቃል።

ማለዳ አስጋሪዎቹ ጀልባቸውን ወደ ዳር ያስጠጋሉ፤ ልጆች ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ እየገፈፉ ያዘጋጃሉ፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ትርፍራፊውን እየጠበቁ በሰው መካከል ይንጎራደዳሉ። ከአዲስ አበባ ቤተሰቡን ይዞ የመጣ እንግዳ የዓሣ ሾርባ ይጠጣል፣ ጥሬ ዓሣውን በዳጣ ይበላል፣ ከዚያም በጀልባ ሐይቁን ይዞራል። የዚህ ሰው ገንዘብ ወደ አስጋሪው፣ ወደ ገፋፊው ልጅ፣ ሾርባ ወደምትሸጠው ሴት፣ ወደ ጀልባ ነጂውና ወደ ባጃጅ ነጂው ይደርሳል። በሌላ በኩል ለሦስት ቀን ዐውደ ጥናት የመጣ ተሳታፊ አዳራሹም፣ ምሳውም፣ አልጋውም በአንድ ግቢ ውስጥ ነው፤ ከአጥሩ ውጭ የሚያወጣው ገንዘብ ቢኖር የባጃጅ ብቻ ይሆናል። አበሉ ከፍ ያለ ቢሆንም ለሰፈሩ የሚተርፈው ከመጀመሪያው ያንሳል። ስለዚህ ሁለቱን በደብተርዎ ላይ በተለያየ ዓምድ ይጻፏቸው።

የስብሰባው እንግዳ ሌላም ድክመት አለው፤ መሥሪያ ቤቱ ሲዛወር አብሮ ይሄዳል። ሐዋሳ የቀድሞው የደቡብ ክልል መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ከየዞኑ የሚመጣው ባለሙያ እዚህ ያድር ነበር። የሲዳማ ክልል በ2012 ዓ.ም. ከተመሠረተ በኋላ፣ በተለይም በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ሲቋቋሙ፣ ቢሮዎቹ ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ወደ ሆሳዕና፣ ወደ አርባ ምንጭና ወደ ሌሎች ከተሞች ሄደዋል። ፔንሲዮን ለመክፈት የሚያስብ ሰው ያለፈው ዘመን ትዝታ ላይ ሳይሆን የዛሬው ቆጠራ ላይ ይመሥርት።

የበዓል እንግዳን በተመለከተ የሲዳማን የዘመን መለወጫ በዓል፣ ፊቼ ጫምባላላን፣ የሚያህል የለንም። በዓሉ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ቀኑ ግን በየዓመቱ በከዋክብት ቆጣሪ አዋቂዎች የሚወሰን ስለሆነ እንደ ጥምቀት በተወሰነ ዕለት አይውልም። ይህ ለበዓሉ ክብር ነው፤ ለነጋዴው ግን የተለየ ዝግጅት ይጠይቃል። ለበዓሉ አልጋ የሚያከራይ ወይም ቡርሳሜ (በቅቤ የተዘጋጀ ቆጮ) የምታቀርብ እናት ቀኑ እስኪነገር ድረስ ቅቤውንና ቆጮውን በምን ገንዘብ እንደምትገዛ አስቀድማ ታስብ፤ ከአስጎብኚ ድርጅት ጋር የሚዋዋልም የቀን ለውጥን የሚመለከት ቃል በውሉ ላይ ያስገባ።

መንገዱን ማንበብ

ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ክፍል በክፍል የሚሠራው የሞጆ ሐዋሳ ፈጣን መንገድ፣ ጠቅላላ ርዝመቱ ወደ 200 ኪሎ ሜትር፣ ጉዞውን እያሳጠረ ሄዷል። ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዳ ይበዛል» ይላል፤ እውነት ነው፣ ነገር ግን ማለዳ ተነሥቶ ምሳውን በልቶ ማታ ቤቱ መግባት የሚችል ሰው አልጋ አይከራይም። መንገድ ሲፈጥን የምሳ ገበያ ያድጋል፣ የአልጋ ገበያ ግን የግድ አያድግም። በቀድሞው መንገድ ዳር ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ዓሣ ይዘው የሚቆሙ ሻጮችም መኪናው በሌላ በኩል ሲያልፍ ገበያቸውን ያጣሉ። እኔ ትንሽ ጥሪት ያለው ሰው ቢጠይቀኝ ዛሬ ከአልጋ ይልቅ ወጥ ቤት ላይ እንዲያውለው እመክራለሁ፤ አልጋ መሥራት ያለበት እንግዳን ሌሊቱን የሚያቆይ ምክንያት፣ ለምሳሌ የማለዳ የወፍ ጉብኝት ወይም የማግሥት የጌዴኦ ጉዞ፣ አብሮ ማቅረብ የሚችል ነው።

መንገዱ በሻሸመኔ በኩል እንደሚያልፍም አይርሱ። 25 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የሚፈጠር የአንድ ሳምንት አለመረጋጋት ሐዋሳን ያለ እንግዳ ያስቀራል። ስለሆነም ማንኛውም በእንግዳ የሚተዳደር ቤት ቢያንስ የሦስት ወር ወጪውን በእጁ ይያዝ።

ሠራተኛው የት ያድራል?

ስለ አዲስ መዳረሻ የሚወጡ ዜናዎች የሥራ ዕድሉን ይናገራሉ፣ ስለ ማደሪያው ግን ዝም ይላሉ። ሐዋሳ ይህን ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ተምራለች። ፓርኩ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ እስከ 60,000 ሠራተኛ እንዲይዝ ታቅዶ ነበር፤ ከሲዳማ ወረዳዎች፣ ከወላይታና ከሌሎችም አካባቢዎች ብዙ ወጣት ሴቶች መጡ። በ2011 ዓ.ም. የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ገደማ ስለነበረ አንዲት ሠራተኛ ብቻዋን ቤት መከራየት አትችልም ነበር፤ ሦስትና አራት ሆነው በአንድ ሰርቪስ ክፍል ይኖሩ ነበር፤ የሰፈሩ ኪራይም ሲወጣ ቀድሞ የነበረው ድኻ ተከራይ አብሮ ተገፋ።

አጎቴ በዚያን ጊዜ ዕቁቡ ሲደርሰው ገንዘቡን ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች ሠራበት። ክፍሎቹ ለዓመታት አንድ ቀን ባዶ አላደሩም። ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ ገበያ የቀረጥ ነጻ ዕድል ስትወጣ ግን የፋብሪካዎቹ ትእዛዝ ቀነሰ፣ ልጆቹ ወደ ቤተሰቦቻቸው ተመለሱ፣ ከሦስቱ ክፍሎች ሁለቱ ለወራት ተዘጉ። አጎቴ ያላሰበው ነገር ተከራዮቹ ሁሉ ደመወዛቸው ከአንድ ምንጭ የሚመጣ መሆኑን ነበር። አዲስ ሎጅ አጠገብ የሚከራይ ቤት የሚሠራም ይህንኑ ይጠይቅ፦ ሎጁ ቢዘጋ ይህን ክፍል ማን ይከራየዋል? መምህር፣ የጤና ባለሙያ ወይም ነጋዴ የሚል መልስ ከሌለ ግንባታውን በአንድ ክፍል ይጀምር።

ልጅዎ ወደ ሌላ መዳረሻ ለሥራ የሚሄድ ከሆነ ከመሳፈሩ በፊት የሚጠየቁ ነገሮች አሉ። የሥራ ውሉ በጽሑፍ ነው ወይ? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ የለበትም፤ መደበኛው ሥራም በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ጡረታው ይቆረጣል ወይ? ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ተቆርጦ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርበታል፤ ይህን የማይከፍል ቤት ልጁ ሲታመምም አይደርስለትም ብዬ እፈራለሁ። ማደሪያና ምግብ በደመወዙ ውስጥ ነው ወይስ ከላዩ? እንግዳ በሚጠፋበት ክረምትስ ደመወዙ ይቀጥላል ወይ? ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ የሚያገኙት ከቀጣሪው ሳይሆን ባለፈው ዓመት እዚያ ከሠራ ሰው ነው፤ ስልኩን ፈልገው ይደውሉለት።

ልጁ ሀገር ለቆ ለመውጣት የሚያስብ ከሆነም ቤተሰቡ ሒሳቡን በግልጽ ያውራ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በኮንቴነር ውስጥ ኢትዮጵያውያን ናቸው የተባሉ 64 ሰዎች ሞተው ተገኝተዋል። ለደላላ የሚከፈለው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ መሬት ተሸጦ ወይም ተበድሮ የሚገኝ ነው፤ ያው ገንዘብ አንድ ጀልባ ወይም አንድ የምግብ ቤት ዕቃ እንደሚገዛ ልጁ ቁጥሩን በዓይኑ ይይ።

መሬቱና ሐይቁ

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አርሶ አደሩ ያለው የይዞታ መብት ነው። መዳረሻ ሲለማ የሚከፈለው ካሳ መሬቱ በሚሰጠው ምርትና በላዩ ባለው ንብረት ስለሚሰላ፣ የተመዘገበ ምርት የሌለው ሰው የሚከራከርበት አይኖረውም። እያንዳንዱን እንሰት በዕድሜው፣ እያንዳንዱን ቡና በፍሬው ይመዝግቡ፤ የይዞታ ማረጋገጫዎን ቅጂ ከቤት ውጭም ያስቀምጡ። እንሰት ለመድረስ ከአራት ዓመት በላይ ይፈልጋል፤ የአንድ ዓመት ምርት ተተምኖ የተሰጠ ካሳ የዚያን ጓሮ ምግብ እንደማይተካ ለገማቾቹ አስረዱ። የካሳውን ገንዘብ የሚቀበሉት ባልና ሚስት በአንድ ላይ ሆነው፣ በሁለቱም ስም በተከፈተ ሒሳብ ቢሆን ይመረጣል።

ሐይቁን በሚመለከት አንድ እውነት ብቻ ልብ ይበሉ፦ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋው የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፣ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ከሆቴል፣ ከፋብሪካ ወይም ከጓሮ የገባ ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። ጀልባ፣ ሾርባ፣ አልጋ፣ ባጃጅ ሁሉም የቆሙት በዚህ ውሃ ላይ ነው። በቀበሌ ስብሰባ ላይ አዲስ ግንባታ ሲቀርብ ነዋሪው ከሥራ ዕድሉ ቀጥሎ ማንሣት ያለበት ጥያቄ ፍሳሹ የት እንደሚሄድ ነው፤ መልሱም በቃለ ጉባኤ ይስፈር። ጠባብ ዓይን ባለው መረብ ጫጩት ዓሣ የሚያወጣውንም የአስጋሪዎች ማኅበር ይገሥጸው፤ ያ ዓሣ ለሚቀጥለው ዓመት እንግዳ የታሰበ ነው።

ሁለቱ ሳምንታት ሲያልቁ ደብተሩን ለቤተሰቡ ሁሉ ያንብቡ፤ ልጆቹም ይስሙ። ከዚያ በሐምሌ፣ ዝናቡ በጠነከረበትና እንግዳው በሳሳበት ወር፣ አንድ ሳምንት ደግመው ይቁጠሩ። የሐምሌው ገቢ የሐምሌን ቀለብና ብድር ከሸፈነ ውሉን ይፈርሙ፤ ካልሸፈነ የጎደለውን ያህል ከእንግዳ ውጭ የሚገኝ ገቢ፣ ጓሮም ይሁን ላም ወይም የእጅ ሙያ፣ ሳይለቁ በትንሹ ይጀምሩ።