የቆየች የሸራ ጀልባ በጣና ላይ፦ ችግርና መፍትሄ

ስለ ሸራ ጀልባ የተጻፈ መመሪያ አብዛኛው የሚያወራው ስለ ባሕር ነው። ጣና ጨው የለውም። በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። የሚገኘውም 1,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው። ስለዚህ የባሕሩን መመሪያ እንዳለ ባሕር ዳር ላይ ከሠራችሁበት ብዙ ቦታ ያሳስታችኋል። አሮጌ የፋይበር ጀልባ የያዘ ሰው ጣና ላይ ቶሎ ቶሎ የሚገጥሙት ችግሮች እነዚህ ናቸው።

ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል

መጀመሪያ ውሃው ከላይ ይግባ ከታች መለየት ያስፈልጋል። ባሕር ላይ ቀላል ነው፤ ጣት ነክሮ መቅመስ ነው፣ ጨው ካለው ከታች ነው። እዚህ ግን ዝናቡም ሐይቁም አንድ ነው፣ ምላስ አይለየውም። (ደግሞም አትቅመሱት፤ ቤንዚን ሊኖርበት ይችላል።)

እንዲህ አድርጉ። ሆዷን አጥባችሁ አድርቁ፣ አለዚያ የራሷ ቆሻሻ ያሳስታችኋል። ውሃ እንደገና ሲጠራቀም በባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ቀድታችሁ አሳድሩት። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ በክረምት አፈር ተሸክመው ነው ጣና የሚገቡት። ጠዋት ጠርሙሱ ግርጌ ላይ ቡናማ ዝቃጭ ከተኛ የሐይቅ ውሃ ነው። ጥርት ካለ ዝናቡን ጠርጥሩ።

ከታች ከሆነ፣ ከውሃ መስመር በታች ያለውን እያንዳንዱን ብሎንና ቱቦ በደረቅ ሶፍት ጠቅልሉና ጠብቁ። ቀድሞ የራሰው ሌባው ነው። ወደ ታች የሚወርድ የእንጨት ወይም የብረት ክንፍ ያላት ጀልባ ከሆነች፣ ክንፉ የሚዞርበትን ብሎን ቀድማችሁ እዩት፤ ጎማው ያረጃል። መፍትሄው ጀልባዋን አውጥቶ ጎማውን መቀየር ነው። ከውስጥ ሲሊኮን መለጠፍ ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ውሃው ከውጭ ስለሚገፋ ቆይቶ ይልጠዋል።

ከላይ ከሆነ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይግባ። ሌላው በጆግ ውሃ ያፍስስ፣ ከታችኛው ቦታ ጀምሮ ወደ ላይ፣ አንድ በአንድ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ሁሉንም ያርሰውና የቱ እንዳፈሰሰ አታውቁም። ብዙ ጊዜ የሚገኘው የምሰሶው እግር ብሎኖች ወይም የመስኮት ጎማ ጋ ነው።

ላይኛው ወለል ሲረግጡት ይለሰልሳል

በሁለት የፋይበር ንጣፍ መካከል ያለው እንጨት በስብሷል ማለት ነው። የጨው ውሃ እንጨትን ከመበስበስ በመጠኑ ይከላከላል፤ የዝናብ ውሃ ግን ያበሰብሰዋል። ወለሉን በመዶሻ እጀታ ቆርቁሩት። ደህናው ጠንከር ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው የታፈነ። የታፈነውን ቦታ ዙሪያውን በጠመኔ አስምሩ። ከዚያ የላይኛውን ንጣፍ ቆርጦ እንጨቱን ማውጣት፣ ማድረቅ፣ በኢፖክሲ አዲስ መትከል ነው። ሥራውን ጥር ወይም የካቲት ላይ አድርጉት፤ በክረምት ምንም አይደርቅም። በነገራችን ላይ፣ ሻጩ ወለሉን ብቻ አዲስ ቀለም ቀብቶ ካገኛችሁት፣ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ቆርቁሩ።

ሞተሩ ጉልበት የለውም፣ ካንዴላው ይጠቁራል

አየሩ ስስ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ጣና ላይ ሲደርስ ከአምስት እጅ አንዱ ገደማ ሄዷል። አየሩ ሲቀንስ ቤንዚኑ ካልቀነሰ ደግሞ ድብልቁ ይወፍራል፣ ካንዴላው ጥቁርና እርጥብ ይሆናል። ካንዴላ ብቻ እየቀያየራችሁ አትድከሙ።

ሞተራችሁ ዘይትና ቤንዚን ተቀላቅሎ የሚቀዳለት ከሆነ መጀመሪያ የዘይቱን ልክ አረጋግጡ። ብዙዎቹ ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ነው የሚፈልጉት፤ በጣም የቆዩት ከዚያ በላይ። ልኩ ትክክል ከሆነ ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈዋን ባለቀዳዳ ብሎን በጠበበች ቀይሩ። ፕሮፔለሩንም ምላሱ ብዙም ባልተጠማዘዘ ብትቀይሩት ሞተሩ ይቀለዋል። ሞተሩን አንድ ቀን ጋምቤላ ባሮ ላይ ለሚሠራ ሰው ከሸጣችሁት ግን የድሮዋን ብሎን መልሱለት። እዚያ ቆላ ነው፤ በጠበበችው ከሠራ ፒስተኑ ሊቃጠል ይችላል።

ከሞተሩ ጀርባ የምትፈሰው ቀጭን ውሃ ቆመች

ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ ነው፤ ወዲያው አጥፉ። እምቦጭ ወይም ሣር የውሃ መግቢያውን ደፍኖታል። ሞተሩን ከውሃ አንስታችሁ በእጅ አጽዱ፣ መውጫዋንም በቀጭን ሽቦ ውጉ። አሁንም ካልፈሰሰ የፓምፑ ጎማ ተበልቷል፤ ደለል ቶሎ ይበላዋል።

ዚንኩ እንደ አዲስ ነው፣ የሞተሩ እግር ግን ተቦርቡሯል

ዚንኩ ሞተሩ ላይ የሚታሰረው ከእግሩ ይልቅ እሱ እንዲበላ ነው። ዚንክ ግን ለጨው ውሃ ነው። ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ ሽፋን ያበጅና ሥራ ያቆማል። በማግኒዥየም ቀይሩት።

ሸራው በስፌቱ ይተረተራል

ጨርቁ ሳይሆን ክሩ ነው ያለቀው፤ የከፍታ ፀሐይ ክርን ይጨርሳል። ስፌቱን በጥፍር ፈግፍጉት። ክሩ ከተበጠሰ አንዱን ቦታ ብቻ አትስፉ፣ ሁሉንም አሰፉ። ወፍራም የፖሊስተር ክር ካገኛችሁለት ድንኳን የሚሰፋ ሰው ይሠራዋል። ከዚያ በኋላ ሸራው በማይሠራበት ሰዓት ሁሉ ይሸፈን።

ጠዋት ጀልባዋ አትሄድም፣ ከሰዓት ደግሞ ትዘላለች

ጀልባዋ ምንም አልሆነችም። ፀሐይ የብሱን ስታሞቀው ነው ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣው፣ ያም ከሰዓት በኋላ ነው። ሐይቁ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ስለሆነ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። ወደ ዘጌ ጠዋት በሞተር ሂዱ፣ ስትመለሱ ነፋሱን ከጎን ወይም ከኋላ ታገኙታላችሁ። ሸራውን መቀነስ ያለባችሁ ገና ከዘጌ ሳትነሱ ነው። ማዕበሉ መሃል ሆናችሁ ምሰሶው ሥር መታገል አደገኛ ነው።

ጀልባዋ ጭቃ ላይ ቀረች

ሐይቁ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይጎድላል። ልዩነቱ ከአንድ ሜትር ያልፋል። በጥቅምት ዳር ላይ ያሰራችኋትን ጀልባ ከመጋቢት በፊት ወደ ጥልቁ አውጧት። ከቀረች በሞተር አትጎትቱ፤ ደለሉ ፓምፑ ውስጥ ይገባል። መልሕቁን በታንኳ ወስዳችሁ ጥልቁ ላይ ጣሉና ከጀልባዋ ላይ ሆናችሁ ገመዱን ሳቡ።