ልጅ ይዘው ብቻዎን ወደ አገርዎ ሲመለሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለዓመታት በሰው አገር ኖሮ ልጅ ብቻውን ያሳደገ ሰው «አገሬ ልግባ» ሲል ውሳኔው ብዙውን ጊዜ ከድካም የተወለደ ነው። ልጅ በታመመ ቁጥር አሠሪን መለመን፣ ከሥራ ወጥቶ ወደ ሕፃናት ማቆያ መሮጥ፣ ሌሊት ትኩሳት ሲነሳ የሚጠሩት ሰው ማጣት፣ ይህን ሁሉ ዓመት ከዓመት መሸከም ያዝላል። ስለዚህ የወገንን እጅ መናፈቅ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። የምጽፈውም ለመመለስ ለቆረጡት ነው። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል፦ እርስዎ ይመለሳሉ፤ ልጅዎ ግን ይሰደዳል። የተወለደበትን ሰፈር፣ ጓደኞቹን፣ መምህሩንና ሕልም የሚያይበትን ቋንቋ ትቶ በወሬ ብቻ ወደሚያውቀው አገር ይሄዳል። ከሚከተሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህንን ከመዘንጋት የሚመጡ ናቸው።

የሌላኛውን ወላጅ ፈቃድ ሳይዙ ትኬት መቁረጥ

ከሁሉም የከፋው ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እናገራለሁ። «ልጁን ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ እርሱ ዞር ብሎ አይቶት አያውቅም፤ ማንን ላስፈቅድ?» የሚሉ እናቶች ብዙ ናቸው፤ እንዲህ የሚሉ አባቶችም አሉ። ሐዘናቸው ይገባኛል። ሕጉ ግን በዚህ ዓይን አያየውም። በብዙ አገሮች ወላጆች ቢፋቱም፣ ጭራሹኑ ሳይጋቡ ቢለያዩም፣ ልጁ በየትኛው አገር ይኑር በሚለው ላይ ሁለቱም መብት ሊኖራቸው ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1980 ሄግ ላይ የተደረሰውና ከ1983 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የልጆችን ዓለም አቀፍ ጠለፋ የሚመለከት ስምምነት ከ100 በላይ አገሮችን ያስተሳስራል። ዕድሜው 16 ዓመት ያልሞላው ልጅ የሌላኛው ወላጅ የአሳዳጊነት መብት ተጥሶ ከሚኖርበት አገር ከተወሰደ፣ ስምምነቱ ልጁ የገባበት አባል አገር ፍርድ ቤት ልጁን ወደነበረበት እንዲመልስ ያስገድዳል። ፍርድ ቤቱ በዚያ ጊዜ «የተሻለው ወላጅ ማን ነው?» ብሎ አይመረምርም፤ ያንን የሚወስነው ልጁ ይኖርበት የነበረው አገር ነው። ልጁ የእርስዎን አገር ዜግነት መያዙም ነገሩን አይለውጠውም። አቤቱታው አንድ ዓመት ሳይሞላ ከቀረበ መመለሱ በመርህ ደረጃ ግዴታ ነው፤ ዓመት ካለፈ በኋላ ልጁ በአዲሱ አካባቢ ተደላድሏል ወይ የሚለው ይታያል። ልጁን ከባድ አደጋ ላይ የሚጥል ሁኔታ መኖሩ፣ ወይም በዕድሜው የበሰለ ልጅ ራሱ መቃወሙ መመለሱን ሊያስቀር ይችላል፤ ሆኖም ፍርድ ቤቶች እነዚህን በሮች በጠባቡ ነው የሚከፍቷቸው።

በተለይ «ለዕረፍት» ሄዶ መቅረት ብዙዎችን ያጠምዳል። ሌላኛው ወላጅ ለአንድ ወር ጉዞ የፈረመው ወረቀት ልጁን ለዘለቄታው ለመውሰድ ፈቃድ አይሆንም። የተስማሙበት ጊዜ አልፎ ልጁን ማስቀረት መጀመሪያውኑ ያለ ፈቃድ ከመውሰድ እኩል ይታያል።

ስለዚህ ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን፤ ጉዞው ለዘለቄታው መሆኑን፣ ወደየት አገር እንደሆነና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ በግልጽ ይናገር። ከተቻለ በፍርድ ቤት ይጽደቅ። ልጁ ከሌላኛው ወላጅ ጋር በስልክ መቼ እንደሚነጋገር፣ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚገናኙና የጉዞውን ወጪ ማን እንደሚሸፍንም ይጻፍበት። ሌላኛው ወላጅ እምቢ ካለ ከልጅ ጋር ወደ ሌላ አገር ለመዛወር ፈቃድ የሚጠየቅበት የፍርድ ቤት ሥርዓት በብዙ አገሮች አለ፤ የልጁን ትምህርት ቤት፣ የሚኖርበትን ቤትና ከሌላኛው ወላጅ ጋር የሚገናኝበትን መንገድ አስቀድሞ ያዘጋጀ አመልካች የተሻለ ይደመጣል። ወላጁ ያለበት ካልታወቀም ይህንኑ ለፍርድ ቤት አቅርቦ ውሳኔ መያዝ ይበጃል። ከሚደበድብ ሰው የሚሸሹ ከሆነ ደግሞ ከመነሳትዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ፤ የፖሊስና የሐኪም ማስረጃዎችን ይሰብስቡ። ከሄዱ በኋላ እነዚህን ወረቀቶች ከሩቅ ማግኘት እጅግ ያስቸግራል።

ሌላም አለ። በአንድ አገር ፍርድ ቤት የተሰጠ የአሳዳጊነት ውሳኔ በሌላው አገር በራሱ ኃይል ላይኖረው ይችላል። ሁለቱም አገሮች እ.ኤ.አ. የ1996ቱ የሄግ የልጆች ጥበቃ ስምምነት አባል ከሆኑ ውሳኔው ዕውቅና ያገኛል። ካልሆኑ ግን በመድረሻው አገር ፍርድ ቤት ተመሳሳይ ትእዛዝ ማውጣት ያስፈልግ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

የልጁን ዜግነት እንደተረጋገጠ መቁጠር

«የእኔ ልጅ እስከሆነ ድረስ የአገሬ ልጅ ነው» ማለት በልብ ትክክል ነው። በሕግ ግን ከ20 በላይ በሆኑ አገሮች እናት ዜግነቷን ለልጇ የምታስተላልፈው ከአባት እኩል አይደለም። ይህ ልጇን ብቻዋን ለምታሳድግ እናት ከባድ በደል ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1979ኙ በሴቶች ላይ የሚደረግ አድልዎን የማስወገድ ስምምነት በ9ኛው አንቀጹ ሴቶች በልጆቻቸው ዜግነት ረገድ ከወንዶች እኩል መብት እንዲኖራቸው ቢደነግግም፣ ልማዱ ገና አልጠፋም። ሕጉ እኩል በሆነባቸው አገሮችም ቢሆን በውጭ የተወለደን ልጅ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ማስመዝገብ፣ ወይም የአባትን ፊርማ ማቅረብ ሊጠየቅ ይችላል። ሁለት ዜግነት የማይፈቅድ አገርም አለ።

ልጁ እንደ ጎብኚ ገብቶ ቪዛው ሲያልቅ ትምህርት ቤት ቢከለከል፣ ከሰነዱ ጋር የሚታገሉት ሥራ በሚፈልጉባቸውና ቤት በሚያደራጁባቸው በእነዚያው ወራት ነው። ጥያቄውን ለኤምባሲው ከጉዞው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ያቅርቡ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ።

ሰነድን ከደረሱ በኋላ ለማረጋገጥ ማሰብ

እ.ኤ.አ. የ1961ዱ የአፖስቲል ስምምነት አባል በሆኑ አገሮች መካከል አፖስቲል የሚባል አንድ የማረጋገጫ ማኅተም ይበቃል። አንደኛው አገር አባል ካልሆነ ሰነዱ ከወጣበት አገር መሥሪያ ቤቶች ጀምሮ እስከ ኤምባሲው ድረስ በደረጃ መረጋገጥ አለበት። በሁለቱም መንገድ ማረጋገጫው የሚሰጠው ሰነዱ በወጣበት አገር ነው። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የፍቺ ወይም የአሳዳጊነት ውሳኔ፣ ሌላኛው ወላጅ በሕይወት ከሌለ የሞት ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የክትባት ካርድ፣ የሕክምና ታሪክ፤ እነዚህን ሁሉ አረጋግጠው፣ ቅጂያቸውንም ይዘው ይውጡ።

መመለሻ በሩን ሳያውቁት መዝጋት

የመኖሪያ ፈቃድ በኪስ ውስጥ ስላለ ብቻ አይቆይም። በአውሮፓ ኅብረት የረጅም ጊዜ ነዋሪነት ያገኘ የሌላ አገር ዜጋ ለ12 ተከታታይ ወራት ከኅብረቱ ግዛት ውጭ ከቆየ ሊያጣው ይችላል። የአሜሪካ ቋሚ ነዋሪ ከአንድ ዓመት በላይ የሚቆይ ከሆነ ከመውጣቱ በፊት የዳግም መግቢያ ፈቃድ ማመልከት አለበት፤ እርሱም በአብዛኛው ከ2 ዓመት በላይ አያገለግልም። በብሪታንያ ላልተወሰነ ጊዜ የመቆየት ፈቃድ ያለው ሰው ከ2 ዓመት በላይ በተከታታይ ከራቀ ፈቃዱ በአብዛኛው ይቋረጣል። ዜግነት ለማግኘት ጥቂት ወራት ብቻ የቀሩት ሰው በብስጭት ተነስቶ ሲሄድ ማየት ያሳዝነኛል። ልጁ የዚያ አገር ዜጋ ሆኖ ወላጁ መግባት የማይችልበት ቀን ሊመጣ ይችላልና፣ ከቻሉ ይታገሱ።

በአንድ ገቢ መኖርን በሁለት ገቢ ሒሳብ ማቀድ

ከውጭ የተመለሰ ባልና ሚስት አንዱ ሥራ እስኪያገኝ ሌላው ይደግፈዋል። እርስዎ ያ ሰው የለዎትም። ቁጠባዎን ሲያሰሉ ሥራ ሳያገኙ የሚያልፉትን ወራት፣ ልጁ ትምህርት ቤት እስኪገባ የሚያስፈልገውን ተንከባካቢና የሕክምና ወጪን ይጨምሩ። አገሩን ለቀው በወጡበት ዘመን ዋጋ አያስቡ። ከዚህ ሁሉ ላይ የሁለት ሰው የመመለሻ ትኬትና የጥቂት ወራት ኪራይ የሚሸፍን ገንዘብ ለብቻው ያስቀምጡ፤ ማንም እንዲነካው አይፍቀዱ። ዘመድ ከውጭ የመጣን ሰው ሀብታም አድርጎ ያያልና ብድር ይጠየቃሉ። መልስዎን ከመሳፈርዎ በፊት ያዘጋጁ።

ቀለብን በተመለከተም፣ ብዙዎች ድንበር ሲሻገሩ «ከእንግዲህ ቀረ» ብለው ይተዉታል። እ.ኤ.አ. የ1956ቱ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነትና የ2007ቱ የሄግ ስምምነት ቀለብ በውጭ አገር ካለ ወላጅ የሚጠየቅበትን መንገድ ያበጁ ናቸው። ሁለቱ አገሮች የየትኛው አባል እንደሆኑ ያጣሩ። ገንዘቡ የልጁ ነው፤ በእርስዎ ኩራት ምክንያት ሊቀርበት አይገባም። የሚለቁትን አገር የባንክ ሒሳብም ግብር ተመላሽና የጡረታ ጉዳይ ሳያልቅ አይዝጉ።

አያት ያሳድጋል ብሎ ሳይነጋገሩ መሄድ

ስለዚህ ጉዳይ ማንም ደፍሮ አያነሳም፤ ቤት የሚያፈርሰው ግን ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። በስልክ «ኑልን ብቻ፤ ልጁን እኛ እንይዘዋለን» ያሉ እናትና አባት እውነታቸውን ነው። ሆኖም እርስዎ ስንት ዓመት በሰው አገር ከኖሩ እነርሱም ያንኑ ያህል አርጅተዋል። ጉልበቷን የታመመች አያት የሦስት ዓመት ሕፃን ቀኑን ሙሉ ተከትላ መሮጥ አትችልም፤ አልችልም ለማለትም ታፍራለች።

ከዚያ ደግሞ የአስተዳደግ ጉዳይ አለ። ልጅዎን ሳይመቱ፣ ሐሳቡን እየጠየቁ አሳድገውት ከሆነ፣ አዋቂን ቀና ብሎ አይቶ «ለምን?» የሚል ልጅ ለቤተሰቡ ባለጌ መስሎ ሊታያቸው ይችላል። አያትየው ሲቆጡ ልጁ ወደ እርስዎ ያያል፤ እርስዎ ደግሞ በገዛ ወላጆችዎ ፊት እንደገና ልጅ ሆነው ዝም ይላሉ። ልጁን የሚጎዳው ያ ዝምታ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ የእርሱ ሰው እርስዎ ብቻ ነበሩና።

ገና ባሕር ማዶ ሳሉ በግልጽ ይነጋገሩ፦ ልጁን ማን፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት ይይዛል? ለወጪው እርስዎ ምን ያዋጣሉ? መምታት ክልክል መሆኑን ሁሉም ተቀብሏል? ከቤተሰብ ጋር የሚኖሩት እስከ መቼ ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ቅር ሊያሰኝ ይችላል፤ ቢሆንም የራስዎ ቤት የሚኖርዎትን ጊዜ በቁርጥ ይናገሩ። አያቶች ልጁን ስለሚወዱት ይመጣሉ እንጂ እንደ ተቀጣሪ ሞግዚት አይቁጠሯቸው። ቢታመሙ የሚተካ ሰውም ከመጀመሪያው ይፈልጉ።

ልጁን በመጨረሻ ሰዓት መንገር

እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ12ኛው አንቀጹ የራሱን አመለካከት መያዝ የሚችል ልጅ በሚነካው ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡን የመግለጽና የመደመጥ መብት እንዳለው ይናገራል። መደመጥ ማለት ውሳኔውን ለልጁ መተው አይደለም። ወራት ቀድሞ ማወቅ፣ መቆጣት፣ ማልቀስና ጓደኞቹን በወጉ መሰናበት ግን ይገባዋል። ሲነግሩት «ደስ ይልሃል» አይበሉት፤ ደስ ካላለው የሚዋሽ ልጅ ያደርጉታል።

የሚመለሱበትን ወቅትም በልጁ የትምህርት ዘመን ይለኩት። ለትልቅ ፈተና አንድ ዓመት የቀረውን ወጣት ነቅሎ በሌላ ቋንቋ ማስፈተን ብዙ ዋጋ ያስከፍላል።

ቋንቋን በተመለከተ ወላጆች በጣም ይታለላሉ። «ቤት ውስጥ የምናወራው በራሳችን ቋንቋ ስለሆነ አይቸገርም» ይላሉ። ተመራማሪው ጂም ከሚንስ እንዳስረዱት፣ ሁለተኛ ቋንቋ የሚማሩ ልጆች ለጨዋታና ለዕለት ንግግር የሚበቃውን በ2 ዓመት ገደማ ይይዛሉ፤ የሳይንስና የታሪክ መጽሐፍ አንብቦ ለመረዳትና ለመጻፍ የሚያስፈልገውን ግን ለማግኘት ከ5 እስከ 7 ዓመት ሊወስድባቸው ይችላል። አቀላጥፎ የሚያወራ ልጅ ማንበብና መጻፍ ስላቃተው ሰነፍ ሊባል ይችላል። ከጉዞው ቀደም ብለው ማንበብና መጻፍ ያስጀምሩት፤ ለአዲሱ መምህሩም ያስረዱለት። ይዞት የመጣውን ቋንቋ ደግሞ አያስጥሉት።

ዕቃ ሲሸከፍ የልጁን አሮጌ አሻንጉሊትና የተቀዳደደ መጽሐፍ ለመጣል አይቸኩሉ። የእርስዎን ሶፋ ይሽጡት።

ስለሌለው ወላጅ ዝም ማለት

አዲሱ ትምህርት ቤት፣ ጎረቤቱና ዘመዱ ሁሉ ልጁን «አባትህ የት አለ?» ወይም «እናትህስ?» ብለው ይጠይቁታል። በባዕድ አገር ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ በአንድ ሳምንት ውስጥ ደጋግሞ ሊመጣበት ይችላል። ሞቷል ብሎ መዋሸት ለጊዜው ያሳርፋል፤ ልጁ እውነቱን ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማ ግን እምነቱን የሚያጣው በእርስዎ ላይ ነው። ለዕድሜው የሚመጥን እውነት ይንገሩት፤ ለሚጠይቁት ሰዎች የሚሰጠውን አጭር መልስም አብራችሁ አዘጋጁ። መመለስ ካልፈለገ ዝም ማለት እንደሚችልም ይወቅ። ለቤተሰብዎ ደግሞ በልጁ ፊት ሌላኛውን ወላጅ እንዳይሰድቡ አጥብቀው ይንገሯቸው።

በመጀመሪያዎቹ ወራት መፍረድ

የሥነ ማኅበረሰብ ተመራማሪዎቹ ጆን እና ጂን ገላሆርን እ.ኤ.አ. በ1963 እንዳሳዩት፣ ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው ወደ ባዕድ አገር ሲሄድ ያለፈበትን የመናወጥና የመላመድ ሂደት እንደገና ያልፍበታል። የመድረስ ደስታው ሲበርድ ሁሉም ነገር ያስቆጣል፤ ሰውም ባይተዋር ያደርጋል። በዚያ ሰሞን «ተሳስቻለሁ» ብሎ ልጁን እንደገና መንቀል፣ ወይም በተቃራኒው ችግሩን ክዶ ልጁን «ቻለው» ማለት ሁለቱም አይበጁም። አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ለመቆየት ከልጅዎ ጋር ይስማሙ፤ ዓመቱ ሲያልቅ ምን እንደተመቸውና ምን እንደከበደው ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። እስከዚያው ግን ልጁ እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከተወ ወይም ከሰው ከራቀ ዓመቱን አይጠብቁ፤ ሐኪም ያማክሩ።