ማሲንቆ በዲስኮርድ ለምትቀዱ

ጌም ላይ ካገኛችኋቸው ጓደኞች ጋር ስለ ዘንዶና ስለ ጥንት ነገሥታት ዘፈን ለምትሠሩ የጎንደር ልጆች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጌመሮች በድምፅ በሚያወሩበት መተግበሪያ፣ በዲስኮርድ ላይ፣ ዘፈኑን በቀጥታ አብራችሁ ለመጫወት አትድከሙ። ድምፁ ዘግይቶ ስለሚደርስ ምቱ አይገጥምም።

ለማሰማት ያህል ብቻ ከሆነም መጀመሪያ የጫጫታ ማጥፊያውን ዝጉት። እሱ የተሠራው ለሰው ንግግር ነው። የማሲንቆን ረጅም ድምፅ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ይቆራርጠዋል። የማሚቶ ማጥፊያውንም እንዲሁ። ሁለቱም ሴቲንግ ውስጥ የድምፅ ክፍሉ ጋ አሉ።

ለዋናው ቅጂ አንዳችሁ የምት መቁጠሪያ ላኩ፣ ለምሳሌ በደቂቃ 90 ምት። ሁሉም በየቤቱ እሱን በኢርፎን እየሰማ ይቅዳ። ስልክ ይበቃል። በቴሌግራም ስትላላኩ ግን በፋይል መልክ ይሁን፤ የድምፅ መልእክት ጥራቱን ይገድለዋል።

ቅኝቱንም ቀድማችሁ ተስማሙ። ትዝታ ለጊታር አያስቸግርም። አንቺሆዬ ከሆነ ማሲንቆው ይቅደም፣ ሌላው እሱን ሰምቶ ይከተል።

ደግሞ ለዘፈኑ ይስማማል ብላችሁ ፋሲል ግቢ አጠገብ እንዳትቀዱ። ባጃጁ መቼ ያስቀዳና! ጋቢ እና ብርድ ልብስ የተሰቀለበት ክፍል ይሻላል።