በቢሾፍቱ ከፍታ ለጀልባ ሞተር የሚስማማውን የፕሮፔለር ፒች እንዴት መምረጥ ይቻላል

ከውጭ ከገባ የጀልባ ሞተር ጋር የሚመጣው ፕሮፔለር አብዛኛውን ጊዜ ለባሕር ጠለል የተመረጠ ነው። ከአዲስ አበባ በቃሊቲና በዱከም አልፎ ቢሾፍቱ ሲደርስ ግን ከፍታው 1,900 ሜትር ገደማ ይሆናል። አየሩ ስስ ነውና ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ባለ 40 ፈረስ ጉልበት የተባለው ሞተር ባቦጋያ ወይም ሆራ ሐይቅ ላይ 32 ገደማ ብቻ ይሰጣል ማለት ነው። ነዳጁን በኤሌክትሮኒክስ የሚመጥን ሞተርም ከዚህ አያመልጥም፤ ድብልቁን ያስተካክላል እንጂ የጎደለውን አየር አይተካም። ስለዚህ ጀልባው ከውኃው ለመነሳት ሲለፋ ሞተሩን ከመውቀስ በፊት ፕሮፔለሩን መመርመር ይገባል።

ፒች ማለት ፕሮፔለሩ እንጨት ውስጥ እንደሚገባ ብሎን ሳይንሸራተት አንድ ዙር ቢዞር ወደፊት የሚጓዘው ርቀት ነው። የሚለካው በኢንች ነው። እምብርቱ ላይ ከተጻፉት ሁለት ቁጥሮች የመጀመሪያው የክቡ ስፋት፣ ሁለተኛው ፒቹ ነው፤ 11 በ 13 ከሆነ ፒቹ 13 ነው። ፒቹ ሲበዛ እንደ መኪና አራተኛ ማርሽ፣ ሲያንስ እንደ ሁለተኛ ማርሽ ይቁጠሩት።

መጀመሪያ ሞተሩ ራሱ ጤነኛ መሆኑን ያረጋግጡ። ካርቡሬተር ያለው ሞተር ከፍታ ላይ ነዳጅ ይበዛበታል። ካንዴላውን ፈተው ሲያዩት በጥቁር ጥላሸት ከተሸፈነ፣ መካኒኩ ለከፍታው የሚሆን ጠባብ የነዳጅ ቀዳዳ ያስገባለት። ይህ ሳይስተካከል የሚለካ ዙር ያሳስታል። የጀልባውን ሆድ ከአልጌ ያጽዱ፤ ውስጡ የተጠራቀመ ውኃ ካለም ያውጡ።

ቀጥሎ የሞተሩን መመሪያ ከፍተው ሁለት ነገር ይጻፉ፦ ነዳጅ እስከ ጥግ ሲሰጠው ሊደርስበት የሚገባውን የዙር ክልል (ለምሳሌ በደቂቃ ከ5,000 እስከ 6,000) እና የጊር ሬሾውን፣ ማለትም ፕሮፔለሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደሚዞር።

ሙከራውን ጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሳ ያድርጉ። ዘወትር የሚጭኑትን ያህል ሰውና ነዳጅ ይጫኑ፤ ብቻዎን ሞክረው የመረጡት ፒች አምስት ሰው ሲሳፈር አይሠራም። ጀልባው በውኃው ላይ ተንሳፍፎ ሲረጋ የሞተሩን ዘንበል አስተካክለው ነዳጁን እስከ ጥግ ይስጡ። የዙር መቁጠሪያው ሲቆም ቁጥሩን፣ ፍጥነቱን ደግሞ ከስልክ ጂፒኤስ ይያዙ። ተመልሰው በተቃራኒ አቅጣጫ ይድገሙና አማካዩን ይውሰዱ።

አሁን ስሌቱ። አንድ ኢንች ፒች ሲቀነስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል። 13 ፒች ያለው ሞተር 4,900 ላይ ከቆመና ግብዎ የክልሉ የላይኛው ግማሽ፣ ማለትም 5,500 ከሆነ፣ የጎደለው 600 ዙር ነው። 600 ለ200 ሲካፈል 3፤ ስለዚህ 10 ፒች ይሞከራል። 150ን ይዘን ብናሰላ 4 ኢንች ይመጣ ነበር፤ በትንሹ ቀንሶ መጀመር ግን ይሻላል። ከተቻለ ከመግዛት በፊት በውሰት ሞክሮ ማየት ገንዘብ ያድናል።

መንሸራተቱንም ያስሉ። ዙሩን ለጊር ሬሾው ያካፍሉ፣ በፒቹና በ0.001524 ያባዙ፤ ጀልባው ምንም ሳይንሸራተት ቢሄድ የሚኖረውን ፍጥነት በሰዓት ኪሎ ሜትር ይሰጥዎታል። 4,900 ዙር፣ ሬሾ 2፣ ፒች 13 ከሆነ 48.5 ይመጣል። ጂፒኤሱ 41 ካሳየ መንሸራተቱ 15 በመቶ ገደማ ነው፤ ለመዝናኛ ጀልባ ከ10 እስከ 20 ጤናማ ነው። 30 ከዘለለ ችግሩ ፒች አይደለም። ክንፉ ታጥፏል፣ ሞተሩ ከፍ ብሎ ተሰቅሎ አየር እየሳበ ነው፣ ወይም በእምብርቱ ውስጥ ያለው ላስቲክ ለቅቋል። የላስቲኩ ምልክት ግልጽ ነው፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባው አይሄድም። ለማረጋገጥ በውስጥና በውጭ እምብርቱ ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሳሉ፤ ከጉዞ በኋላ ከተዛነፈ ላስቲኩ ተበላሽቷል።

በጣም ከፍተኛ ፒች አደገኛነቱ ወዲያው አይታይም። ሞተሩ ታፍኖ ይሠራል፤ ካርቦን ይጠራቀምበታል፣ ይሞቃል፣ ፒስተኑ ይጎዳል። ዝቅተኛው ደግሞ ዙሩን ከገደብ በላይ ያስጮኸዋል። ፍጥነት የሚያጓጓቸው ሰዎች ከፍተኛውን ይመርጣሉ፤ ታፍኖ ለሚሠራ ሞተር ግን ያ ፍጥነትም አይገኝም።

ከአሉሚኒየምና ከብረት የትኛው? እምቦጭ ላለበትና ዳርቻው ጥልቀት ለሌለው ለቆቃ ሐይቅ አሉሚኒየም ይሻላል። ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ክንፉ ይታጠፋል፣ ጊሩ ግን ይተርፋል። አራት ክንፍ ያለውን ከመረጡ ዙሩ ከ50 እስከ 100 እንደሚቀንስ አስበው ፒቹን በአንድ ኢንች ዝቅ ያድርጉ።

ሲገጥሙ ቁልፉን ነቅለው ባትሪውን ያላቅቁ። ከፕሮፔለሩ በላይ ባለው ጠፍጣፋ ሳህንና በክንፉ መካከል እንጨት ደግፈው ዳዶውን ይፍቱ። ዘንጉ ላይ የተጠመጠመ የዓሣ መረብ ክር ካለ ያውጡ፤ ክሩ የዘይት መከላከያውን ቆርጦ ውኃ ወደ ጊሩ ያስገባል። ግራሶ ቀብተው ሮንዴላዎቹን በነበሩበት ቅደም ተከተል ይመልሱ፣ ዳዶውን በመመሪያው ልክ ያጥብቁ፣ የሽቦ ማቆሚያውን በአዲስ ይተኩ።

ከዚያ በዚያው ጭነት እንደገና ይለኩ። ቆቃ ከቢሾፍቱ 300 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለሚል ሞተሩ እዚያ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ይመልሳል፤ ቢሾፍቱ ላይ 5,900 የሚነካ ፒች ጭነት ሲቀል ቆቃ ላይ ገደቡን ሊያልፍ ይችላል። ሁለቱን ሐይቆች የሚያፈራርቅ ሰው ግቡን 5,500 አካባቢ ያድርግ፤ አሮጌውን ፕሮፔለር ከዳዶና ከመፍቻ ጋር ጀልባው ውስጥ ይያዝ።