የላብ (ቤተ ሙከራ) ግሩፕ ድልድል ሲያደናግራችሁ

ሴሚስተር ሲጀመር ቦርድ ላይ የሚለጠፈው የእንግሊዝኛ ድልድል ብዙ ተማሪ ያሳስታል። ለምሳሌ፦ «ሴክሽን 1 ኤንድ 2 ዊል ቢ ዲቫይድድ ኢንቱ 3 ላብ ግሩፕስ ኦፍ 20 ኢች።» መጨረሻ ላይ ያለው «ኢች» (እያንዳንዳቸው) የሚናገረው ስለ ግሩፖቹ ነው፤ አንዱ ግሩፕ 20 ተማሪ ይይዛል ማለት ነው። ሁለቱ ሴክሽኖች ተቀላቅለው ነው ለ3 የሚከፈሉት ወይስ እያንዳንዱ ለብቻው? ዓረፍተ ነገሩ ይህን አይለይም። እዚህ ላይ ሰዋስው አያወጣችሁም፤ የስም ዝርዝሩን ቁጠሩ። ሁለቱ ተደምረው 60 ከሆኑ ተቀላቅላችኋል። እያንዳንዱ 60 ከሆነ ግን ለየብቻ ናችሁ፣ ግሩፑም በጠቅላላው 6 ይሆናል።

«ግሩፕ ኤ ኤንድ ቢ ዊል ሚት ኦን መንደይ ኤንድ ዌንስደይ፣ ሪስፔክቲቭሊ» ካለ ቅደም ተከተሉን ተከተሉ፦ ኤ ሰኞ፣ ቢ ረቡዕ። «ሪስፔክቲቭሊ» ከሌለ ሁለቱም ግሩፖች ሁለቱንም ቀን የሚገቡ ሊሆን ስለሚችል በግምት አትቅሩ። ተወካያችሁ ዲፓርትመንቱን ሲጠይቅም «ምን ማለት ነው?» ከሚል፣ «ሴክሽን 2፣ ተራ ቁጥር 25 ላይ ያለ ተማሪ የትኛው ግሩፕ ነው? የሚገባውስ በየትኛው ቀን?» ይበል።