ከጓደኛ ጋር በመኪና እስከ አርባ ምንጭ፦ የክር ፋብሪካ እንዴት እንደሚጎበኝ

ክር የሚሸጠው በኪሎ ነው፤ ሸማኔ የሚጠቀመው ግን በሜትር ነው። ገዢ የሚሸወደው በዚህ መሃል ነው። ክሩ ከምን ተነስቶ እንዴት እንደሚፈተል በዓይኑ ያየ ሰው ሱቅ ሲገባ ምን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል። ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ ደርሶ ለመመለስ አራት ቀን ያዙ፦ አንድ ቀን ለመንገድ፣ አንድ ቀን ለፋብሪካው፣ አንድ ቀን ለዶርዜ ሸማኔዎች፣ አንድ ቀን ለመልስ።

ደብዳቤውና ስልኩ

በር ላይ ቆሞ «እንግባ» ማለት አያዋጣም፤ ጥበቃው ይመልሳችኋል፣ ሥራውም ነው። ሁለት ሳምንት ሲቀር ለሥራ አስኪያጁ የአንድ ገጽ ደብዳቤ አስገቡ። የሁለታችሁ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ስልክና የምትመጡበት ቀን ይኑርበት። «ፋብሪካውን ለመጎብኘት» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ። «የክር መፍተያውን፣ ከጥጥ መግቢያው እስከ ኮን መጠቅለያው» በሉ፤ ኮን ክሩ ተጠቅልሎ የሚሸጥበት ሾጣጣ ማጠንጠኛ ነው። አለዚያ ስፌት ክፍሉን አሳይተው፣ ሻይ ጋብዘው ይሸኟችኋል።

ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ ደውላችሁ ሦስት ነገር አጣሩ። በዚያ ሳምንት መፍተያው ይሠራል? በመብራት፣ በጥጥ ወይም በመለዋወጫ እጥረት ቆሞ ሊሆን ይችላል፤ የቆመ ማሽን ለማየት 450 ኪሎ ሜትር መንዳት ያናድዳል። ፎቶ ማንሳት ይቻላል? በትንሽ መጠን፣ በደረሰኝ ክር ይሸጣሉ? ቀጠሮውን ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ አድርጉት። ፈረቃ በሚቀየርበት ሰዓት ግን ማንም አያስተናግዳችሁም።

ቦርሳ ውስጥ የሚገባ

ጠፍጣፋና ድፍን ጫማ፣ የጆሮ መድፈኛ፣ ማስክ፣ ጥቁር ጨርቅ፣ የግራም ክፍልፋይ የሚያነብ ትንሽ ሚዛን፣ ማስታወሻ ደብተር። አንዲት ልቃቂት የእጅ ፈትልም ያዙ፤ ከፋብሪካው ክር ጋር ጎን ለጎን ስታዩት ብዙ ነገር ይገለጥላችኋል። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የተንጠለጠለ ሐብል፣ የተለቀቀ ረጅም ፀጉር ግን ከማሽኑ አጠገብ አይቅረብ። የሚሽከረከር ብረት ጨርቅ ከያዘ ለመጮህ እንኳ ጊዜ አይሰጥም።

ሌላው ዕቃ ከአንድ እንጨትና ከሁለት ምስማር ይሠራል። ምስማሮቹን 50 ሳንቲ ሜትር አራርቃችሁ ምቷቸው። ክር በሁለቱ ዙሪያ አንድ ጊዜ ሲዞር አንድ ሜትር ይሆናል። ጥቅሙ ወደ በኋላ ይመጣል።

መንገዱ

በዓለም ገና፣ በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በወላይታ ሶዶ አድርጎ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከተነሳችሁ ሳይመሽ ትደርሳላችሁ። ከመሸ አትንዱ፤ መብራት የሌለው ጋሪ፣ ከብትና ባጃጅ አስፋልቱን ይጋሩታል። የመንገዱን ሁኔታና ሰላሙን ከአንድ ቀን በፊት መናኸሪያ ሄዳችሁ ሾፌሮችን ጠይቁ። ነዳጅ ግማሽ ላይ ሲደርስ ሙሉ፤ «ቀጣዩ ማደያ ላይ እንሞላለን» ማለት ብዙ ሰው መንገድ ላይ አስቀርቷል። በየሁለት ሰዓቱ ሹፍርናውን ተቀያየሩ። ጓደኛችሁ መንዳት ካልቻለ ቢያንስ አይተኛ።

ከቡታጅራ በፊት የጢያ ትክል ድንጋዮች አሉ። በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ናቸው፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃቸዋል። ቁርስ ቡታጅራ፣ ምሳ ሶዶ ብትሉ ሰዓቱ ይገጥማል። አርባ ምንጭ ቆላ ነው፣ ወባም አለበት። አጎበር ያለው አልጋ ያዙ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከመጣ የት እንደነበራችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።

ፋብሪካው ውስጥ

ጥጡ በሚሄድበት መንገድ ሂዱ፤ ከመጨረሻው ጀምሮ ወደኋላ የሚያስጎበኝ ካጋጠማችሁ በትሕትና አስቀይሩት። መጀመሪያ የታሰረው ጥጥ የሚፈታበትና ቆሻሻው የሚራገፍበት ክፍል ነው። አቧራው እዚህ ይበዛል። አስም ያለበት ሰው በመስኮት አይቶ ይለፍ።

ቀጥሎ ካርዲንግ አለ። እናቶቻችን በደጋን ነድፈው ባዘቶ የሚያደርጉትን ይህ ማሽን በጥቃቅን የብረት ጥርሶች ያደርገዋል። የሚወጣው ለስላሳ ገመድ ስላይቨር ይባላል፤ ማለቂያ የሌለው አመልማሎ ብትሉት አይርቅም። ከዚያ ስድስት ወይም ስምንት ስላይቨር አንድ ላይ ገብቶ፣ ተስቦ፣ አንድ ሆኖ ይወጣል። ለምን ተደምሮ እንደገና እንደሚሳሳ ጠይቁ። የአንዱ ወፍራም ቦታ ከሌላው ቀጭን ቦታ ጋር ስለሚገጥም ውፍረቱ ይስተካከላል። እዚህ ያልተስተካከለ ጥጥ በኋላ በምንም አይስተካከልም። በመቀጠል ስላይቨሩ ቀጥኖና በስሱ ተጠምዝዞ ሮቪንግ ይሆናል።

ጊዜያችሁን ሮቪንጉን ፈትሎ ክር በሚያደርገው ሪንግ ማሽን ላይ አጥፉ። እንዝርቶቹ በረድፍ ቆመው በደቂቃ ከ10,000 ዙር በላይ ይሽከረከራሉ። ጫጫታው ስለማያነጋግር ጥያቄዎቻችሁን ጽፋችሁ ግቡ፣ መልሱን ውጭ ተቀበሉ። ዓይናችሁን ሠራተኛዋ እጅ ላይ አድርጉ። ክር ሲበጠስ ከሮለሩ የሚወርደው ጥጥ መምጠጫ ቱቦ ውስጥ ይገባል። እሷ ያንን አንድ እንዝርት ብቻ ታቆማለች፤ ክሩ ከሚጠቀለልበት ቦቢን የክሩን ጫፍ ፈልጋ ታወጣለች፤ ትራቨለር በምትባለው ጥፍር የምታህል ብረት ሥር ታሾልከዋለች፤ እንዝርቱን ለቃ ጫፉን ከሚወርደው ጥጥ ጋር ታነካካዋለች። ተያያዘ። ጥቂት ሴኮንድ ነው የሚፈጀው፣ ለመማር ግን ወራት ይጠይቃል።

ክር የሚበጠሰው ለምን እንደሆነ ጠይቁ፤ ጥሩ ቴክኒሻን በዚህ ጥያቄ ደስ ይለዋል። አጭር ጭረት (የጥጥ ቃጫ) የበዛበት ጥጥ፣ ያለቀ ትራቨለር፣ ያልተስተካከለ ሮቪንግ፣ ወይም አየሩ። የመፍተያው ክፍል እርጥበት ብዙውን ጊዜ ከ55 እስከ 60 በመቶ ይጠበቃል። ሲደርቅ ጥጡ በኤሌክትሪክ ሙል ተበትኖ ይንሳፈፋል፤ ሲበዛ ደግሞ ሮለሩ ላይ ይጠመጠማል። ግድግዳው ላይ ያለውን የእርጥበት መለኪያ አንብቡ፤ ከሠራ ማለት ነው።

ክሩን መለካት

ሁለቱን ምስማር አውጡ። 100 ዙር ጠቅልላችሁ መዝኑ፤ ይህ 100 ሜትር ነው። 59ን በግራሙ ስታካፍሉት የክሩን ቁጥር፣ ማለትም የቅጥነቱን መለኪያ ታገኛላችሁ። 2.95 ግራም ከመዘነ ቁጥር 20 ነው፣ ወደ 2 ግራም ከሆነ ቁጥር 30፣ 5.9 ከሆነ ቁጥር 10። ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ እንደሚቀጥን አትርሱ፤ ብዙ ሰው ይገለብጠዋል። 20/2 የሚል ካያችሁ ሁለት ባለ 20 ክር አንድ ላይ ተገምዷል ማለት ነው፤ ውፍረቱ ከቁጥር 10 ጋር እኩል ነው።

ቁጥር 20 ክር በኪሎ ወደ 34 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ለምሳሌ 6 ሜትር የሚረዝም፣ 800 ክር ያለው ድር ብታስቡ 4,800 ሜትር ነው፤ ይህም 142 ግራም ገደማ። ለብክነት አሥር በመቶ ጨምሩ።

ከዚያ ክሩን ጥቁሩ ጨርቅ ላይ ዘርጉት፤ ወፍራም፣ ቀጭንና ጉብ ጉብ ያለው ቦታ በግልጽ ይታያል። አንድ ሜትር ያህል ይዛችሁ ሁለቱን እጅ ስታቀራርቡ ክሩ በራሱ ላይ እየተጠመዘዘ ከተቋጠረ ሽክርክሪቱ ብዙ ነው። ከነጭራሹ ካልተጠመዘዘ ለሹራብ የተፈተለ ሊሆን ስለሚችል ለድር አትግዙት፤ ሲወጠርና ሲፋተግ ፀጉር ያወጣል፣ ይበጠሳል።

ስትገዙ ሁሉም ኮን የአንድ ሎት፣ ማለትም አብሮ የተመረተ ይሁን፤ የሎቱ ቁጥር ኮኑ ውስጥ ወይም ካርቶኑ ላይ አለ። ሎት የተቀላቀለ ክር ነጭ ሆኖ አንድ ይመስላል፣ ቀለም ሲነከር ግን መስመር ያወጣል። የረጠበ ክር ደግሞ አትመዝኑ፤ ጥጥ ውኃ ይጠጣል፣ እናንተ ለውኃው ትከፍላላችሁ።

ዶርዜ

በማግስቱ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ጨንቻ አቅጣጫ ውጡ። ጃኬት ያዙ፤ ከአርባ ምንጭ ሙቀት ወጥታችሁ ደጋ ላይ ትደርሳላችሁ። በዶርዜ ሴቶች ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ። ብዙ ጊዜ ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእጅ ፈትል ነው። ድሩ ቀኑን ሙሉ ሲወጠርና ሲፋተግ ይውላል፤ ማጉ ቀሰም ላይ ተጠቅልሎ በመወርወሪያው ከመሻገር ሌላ ጭንቅ የለበትም። ስለዚህ ለስላሳውና ጉብ ጉብ ያለው የእጅ ፈትል ለማግ ይመቻል፣ የነጠላን ገላ የሚያሞቀውም እሱ ነው።

ከፋብሪካ የገዛችሁትን ክር ለአንድ አባት ሸማኔ አሳዩና «ይህ ለድር ይሆናል?» በሉ። ጣታቸው ላይ ጠምጥመው በአንድ ጊዜ ይበጥሱታል፤ ከዚያ የተበጠሰውን ጫፍ ያዩታል። ጫፉ ረጃጅም ጭረት ካወጣ ጥጡ ደህና ነው፤ ቁርጥ ብሎ እንደ ብሩሽ ከቀረ ጭረቱ አጭር ነው ወይም ክሩ አርጅቷል። ያሉትን ጻፉ፣ አንድ ክንድ ያህል ክርም ገጹ ላይ በፕላስተር ለጥፉ፤ አጠገቡ ቁጥሩን፣ ሎቱንና ቀኑን አስፍሩ። ለዕይታው የሚገባቸውን ከፍላችሁ ውጡ። ኮኖቹን በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ፣ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ አስቀምጣችሁ፣ በነጋታው በጊዜ ተነሱ።