ከመቶ ኪሎውም ከጀማሪውም ጋር መታገል

የምመዝነው 61 ኪሎ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ማታ ማታ ከሥራ በኋላ የብራዚል ጁጂትሱ (መሬት ላይ እየታገሉ በማነቅ ወይም መገጣጠሚያ በመቆለፍ የሚያሸንፉበት ስፖርት) እሠራለሁ፤ ቀበቶዬ ወይን ጠጅ ቀለም ነው፣ መካከለኛ ደረጃ ማለት ነው። በአንድ ምሽት አምስት አምስት ደቂቃ እያልን አምስት ዙር እንታገላለን፤ ሰውም በየዙሩ ይቀያየራል። እጅ ለእጅ ከመነካካታችን በፊት አንድ ነገር እወስናለሁ፦ ከዚህ ሰው ጋር ዛሬ የምለማመደው ምንድን ነው? ሁሉንም ሰው አንድ ዓይነት የሚታገል በከባዱ ይሰበራል፣ ቀላሉን ይሰብራል።

ከባድ ሰው ብዙ አስተምሮኛል። መቶ ኪሎ ከጎን መጥቶ ደረታችሁ ላይ ሲጫን (ሳይድ ኮንትሮል የምንለው) እጃችሁ ወደ ላይ ለመግፋት ይቸኩላል። አትግፉ። ክንዳችሁ ከተዘረጋ ይወስደዋል፣ አቅማችሁም ወዲያው ያልቃል። አንዱን ክንድ አጥፋችሁ አንገቱ ሥር፣ ሌላውን ዳሌው አጥንት ላይ ደግፉ። ክብደቱን አጥንታችሁ እንጂ ጡንቻችሁ አይሸከመው። ቀጥሎ በጀርባ ተንጋላችሁ አትቅሩ፤ ወደ እሱ በጎናችሁ ዙሩ፣ መቀመጫችሁን ወደ ኋላ ሸሸት አድርጉ፣ በተከፈተችው ክፍተት ጉልበታችሁን አስገቡ። ትንፋሽ በአፍንጫ፣ አጠር አጠር እያለ። ጉልበቴ አንዴ ከገባች የዚያን ዙር ሥራዬን ጨርሻለሁ፤ ማነቁ ሌላ ቀን ይደርሳል።

ነጭ ቀበቶ ጀማሪ ባለ በሌለ ኃይሉ የሚታገለው ፈርቶ ነው፤ ክፋት አይደለም። ክርኑ ድንገት ፊት ላይ ስለሚያርፍ ራቅ ከማለት ተጠግቶ መያዝ ይሻላል። ከሁለት ዓመት በፊት የአንዱን ክንድ ቆልፌ ቶሎ ጨረስኩት። ታፕ ማድረግ (በእጅ መታ መታ አድርጎ ‹‹ተሸነፍኩ፣ ልቀቀኝ›› ማለት) እንዳለበት ገና አልገባውም ነበር። ክርኑ ጠቅ ሲል በጭኖቼ መሐል ተሰማኝ። ከዚያ ወዲህ ቆልፌ እቆማለሁ፤ ‹‹አሁን ታፕ አድርግ፣ ወንድሜ›› እላለሁ፤ ካላደረገ እለቀዋለሁ።

በክብደት የሚያንሰኝ ሲገጥመኝ ከላይ ሆኜ አልጫንም፤ ከታች ሆኜ በእግሬ እሠራለሁ።

ከሚበልጣችሁ ጋር ደግሞ ታፕ አታዘግዩ። ኪሙራ የሚባለው የትከሻ ጥምዘዛ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1951 ሪዮ ዴ ጄኔሮ፣ ማራካና ስታዲየም ውስጥ የብራዚል ጁጂትሱውን ኤሊዮ ግሬሲን ካሸነፈው ጃፓናዊ ጁዶኛ ከማሳሂኮ ኪሙራ ነው። ኤሊዮ እጅ አልሰጠም፤ ትግሉን ያስቆሙት ከጥግ የነበሩት ሰዎቹ ናቸው። ያ ውድድር ነው፤ የእናንተው የማክሰኞ ማታ ልምምድ ነው፣ ጠዋት ሥራ አለባችሁ። በተለይ ተረከዝ ተይዞ እግር ሲጠመዘዝ (ሂል ሁክ) ሕመም እስኪመጣ መጠበቅ አደጋ ነው፤ ሕመሙ ሲሰማ የጉልበት ጅማት አስቀድሞ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። እንደተያዘ መታ መታ አድርጉ፤ እጃችሁ ከታሰረ በአፍ ‹‹ታፕ›› በሉ። ዙሩ ሲያልቅ ታዲያ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፣ አንድ ብቻ፦ ‹‹የት ላይ ነው የያዝከኝ?›› እስካሁን መልስ የከለከለኝ ጥቁር ቀበቶ የለም።

አለልክ ከሚያጠብቅ ሰው ጋር ከሆናችሁ መጀመሪያ ‹‹ቀስ እንበል›› በሉት። ካልሰማ በሚቀጥለው ሲጠራችሁ ‹‹ይህን ዙር አርፋለሁ›› ይበቃል። ምክንያት መደርደር አያስፈልግም።